በዌብሳይታችሁ ላይ ክፍያ መቀበል፦ ከምዝገባ እስከ መጀመሪያው እውነተኛ ክፍያ

"ዌብሳይት አለኝ፣ ዕቃውም ተለጥፏል። ደንበኛው እዚያው ላይ እንዲከፍለኝ ምን ላድርግ?" ይህ ጥያቄ አሁንም አሁንም ይመጣል። በአጭሩ ስመልስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ ጻፍኩት። መመሪያው ለአነስተኛ ንግድ ነው፤ ዌብሳይታችሁን ራሳችሁ ለምታስተዳድሩ ወይም አንድ ዴቨሎፐር ለምታሠሩ። ኮድ መጻፍ ባትችሉም አንብቡት። ቢያንስ ዴቨሎፐሩን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት ታውቃላችሁ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ደንበኛው ስክሪን ላይ "ክፍያዎ ተሳክቷል" የሚል ጽሑፍ ታየ ማለት ገንዘብ ገባ ማለት አይደለም። ደንበኛው የላከው ስክሪንሾትም ማስረጃ አይሆንም። ገንዘብ ገባ የሚባለው የክፍያ አቅራቢው (ከደንበኛው ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ባንካችሁ የሚያስተላልፈው ድርጅት) ሰርቨር ለእናንተ ሰርቨር፣ ማለትም ዌብሳይታችሁ ለሚሠራበት ኮምፒውተር፣ በቀጥታ ሲያረጋግጥ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ የሚያገለግሉት ለዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የራሳችሁ ዶሜይንና ኤችቲቲፒኤስ (ግንኙነቱን የሚያመሰጥር አሠራር) የሚሠራበት ዌብሳይት። ሰርተፊኬቱን ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይሰጣል፤ ብዙ ሆስቲንግ ድርጅቶችም ከጥቅላቸው ጋር አብረው ይጭኑላችኋል።
• የንግድ ምዝገባ ሰነድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባለቤቱ መታወቂያ።
• በንግዱ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ።
• በዌብሳይቱ ላይ የሚነበቡ ገጾች፦ ስለ ንግዱ፣ አድራሻና ስልክ፣ ስለ ዕቃ አላላክ፣ ስለ ገንዘብ ተመላሽ፣ ስለ ደንበኛ መረጃ አያያዝ።
• ለንግዱ ብቻ የሚያገለግል ኢሜይልና ስልክ ላይ የተጫነ የማረጋገጫ ኮድ አፕ።
• ትዕዛዞች የሚመዘገቡበት ዳታቤዝ። እያንዳንዱ ትዕዛዝ የማይደገም የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። እንደ ዉኮሜርስና ሾፒፋይ ያለ የተዘጋጀ የኦንላይን ሱቅ ሲስተም የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ተሠርቶ ነው የሚመጣው።

1. የካርዱ ቁጥር በማን በኩል እንደሚያልፍ ወስኑ

አራት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው የክፍያ ሊንክ ነው። አቅራቢው ዳሽቦርድ ላይ፣ ማለትም መለያችሁን በምታስተዳድሩበት ገጽ፣ ዋጋ ሞልታችሁ ሊንክ ታወጣላችሁ። ከዚያ ዌብሳይቱ ላይ "ክፈል" ከሚለው ቁልፍ ጋር ታገናኙታላችሁ፣ ወይም በመልእክት ትልኩታላችሁ። ኮድ አይፈልግም። በወር ጥቂት ትዕዛዝ ብቻ ካላችሁ፣ ወይም ዋጋው በየደንበኛው የሚለያይ አገልግሎት ከሆነ ከዚህ ጀምሩ። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ በቀጥታ ወደ ከባዱ ይገባል፤ ለብዙዎቹ ግን ሊንኩ ይበቃቸው ነበር።

ሁለተኛው የአቅራቢው የክፍያ ገጽ ነው። ደንበኛው ከእናንተ ዌብሳይት ወደ አቅራቢው ገጽ ይሄዳል፣ እዚያ ይከፍላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ለአነስተኛ ንግድ እኔ የምመክረው ይህንን ነው፤ መመሪያውም ከዚህ በኋላ በእሱ ላይ ይሄዳል። ሦስተኛው ደግሞ የአቅራቢው ፎርም በእናንተው ገጽ ውስጥ የሚካተትበት ነው። መልኩ ያምራል፣ ሥራው ግን ይበዛል።

አራተኛው የካርዱን ቁጥር በራሳችሁ ፎርም ተቀብሎ በራሳችሁ ሰርቨር ማሳለፍ ነው። ይህን አታድርጉ። የካርድ መረጃ የሚያስቀምጥ፣ የሚያስተናግድ ወይም የሚያስተላልፍ ሁሉ ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባለውን የካርድ ኢንዱስትሪ የደኅንነት መስፈርት ማሟላት አለበት። የካርዱ ቁጥር ሙሉ በሙሉ በአቅራቢው በኩል ካለፈ የምትሞሉት የራስ ግምገማ ቅጽ አጭሩ ነው፤ ኤስኤኪው ኤ ይባላል። ቁጥሩ እናንተ ሰርቨር ላይ ከደረሰ ግን የሚጠበቅባችሁ ዝርዝር ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ መረጃው ቢሰረቅ ተጠያቂነቱም ይመጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከካርዱ ጀርባ ያለውን የደኅንነት ኮድ፣ ማለትም ሲቪቪውን፣ ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ ማስቀመጥ በመስፈርቱ የተከለከለ ነው። ኢንክሪፕት ተደርጎም ቢሆን አይቻልም። በኢሜይል፣ በቻት ወይም በማስታወሻ ደብተር መያዝም ያው ነው።

2. አቅራቢ ምረጡ

የመጀመሪያው ጥያቄ "የቱ ይሻላል?" ሳይሆን "የቱ የእኔን አገር ንግድ ይመዘግባል?" ነው። አንድ አቅራቢ ከብዙ አገር ካርድ ይቀበላል ማለት በእነዚያ አገሮች ያሉ ነጋዴዎችን ሁሉ ይመዘግባል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገጹን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ምዝገባ ላይ አገሩ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሰው አገር የተከፈተ የሌላ ሰው መለያ መዋስም መፍትሔ አይደለም፤ ማንነት ሲጣራ መለያው ይዘጋል፣ ውስጡ ያለው ገንዘብም ይያዛል።

አገሩ ካለ በኋላ እነዚህን ጠይቁ፦

• ደንበኞቼ በእጃቸው ያለው ምንድን ነው? ካርድ፣ የባንክ ዝውውር ወይስ የሞባይል ገንዘብ?
• ገንዘቡ ወደ ባንኬ የሚገባው በየትኛው ገንዘብ ነው? ምንዛሬ ካለ ተመኑን ማን ይወስናል?
• ከሽያጭ እስከ ባንክ ስንት ቀን ይፈጃል?
• ገንዘብ ለደንበኛ ስመልስ የከፈልኩት ኮሚሽን ይመለሳል? ብዙዎቹ አይመልሱም።
• ለምጠቀምበት ሲስተም የተዘጋጀ ፕለጊን (ሲስተሙ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) አላቸው?

ኮሚሽንን በፐርሰንት ብቻ አትመልከቱ። ብዙ አቅራቢዎች ፐርሰንትና ቋሚ ክፍያ አንድ ላይ ያስከፍላሉ። እንበል 3 በመቶ እና በላዩ 30 ሳንቲም ነው። የ100 ዶላር ሽያጭ ላይ 3.30 ዶላር ይሄዳል፣ 3.3 በመቶ ማለት ነው። የ2 ዶላር ሽያጭ ላይ ግን 36 ሳንቲም ይሄዳል፤ ይህ 18 በመቶ ነው። ርካሽ ዕቃ የምትሸጡ ከሆነ ቋሚው ክፍያ ዝቅ ያለበትን ፈልጉ፣ ወይም ዕቃዎቹን በጥቅል ሽጡ።

3. መለያ ክፈቱ፣ ማንነታችሁን አስረጋግጡ

ስሙ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። በንግድ ምዝገባው፣ በባንክ ሂሳቡና በመለያው ላይ አንድ ፊደል ከተለያየ ማጣራቱ ይጓተታል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስም በየሰነዱ የተለያየ መልክ ይይዛል፤ ስለዚህ ከመሙላታችሁ በፊት ሰነዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡና አስተያዩ።

አቅራቢው ዌብሳይታችሁን ገብቶ ያያል። ባዶ ገጽ፣ ዋጋ የሌለው ዕቃ ወይም አድራሻ የሌለው ንግድ ካገኘ ማመልከቻውን ውድቅ ያደርገዋል። ከላይ የዘረዘርኳቸው ገጾች ቀድመው ዝግጁ ይሁኑ ያልኩት ለዚህ ነው። ለማመልከቻው ስለ ሥራችሁ የምትሰጡት መግለጫም እውነተኛ ይሁን። ልብስ ብላችሁ ተመዝግባችሁ ሌላ ነገር ከሸጣችሁ ክፍያው ሊታገድ ይችላል።

እዚያው እያላችሁ ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንደኛው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ነው፤ በአፕ ይሁን፣ የመጠባበቂያ ኮዶቹንም በወረቀት ያዙ። ወደዚህ መለያ የገባ ሰው ተመላሽ ገንዘብ ማዘዝም የባንክ ሂሳቡን መቀየርም ይችላልና።

ሁለተኛው በደንበኛው የባንክ መግለጫ ላይ የሚወጣው ስም ነው። ደንበኛው የሚያውቀው የዌብሳይቱን ስም ነው። መግለጫው ላይ ግን የማያውቀው የኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ስም ከመጣ "ይህን እኔ አልከፈልኩም" ብሎ ባንኩ ጋር ይደውላል። ስለዚህ የዌብሳይቱን ስም አስገቡ። ቦታው አጭር ነው፤ ስትራይፕ በሚባለው አቅራቢ ላይ ለምሳሌ ከ5 እስከ 22 ፊደል ነው የሚፈቀደው።

4. ቁልፎቹን በየቦታቸው አስቀምጡ

አቅራቢው ሁለት ዓይነት ኤፒአይ ቁልፍ ይሰጣችኋል፤ ዌብሳይታችሁ ከአቅራቢው ሲስተም ጋር ሲነጋገር ማንነቱን የሚያሳውቅበት ረጅም ኮድ ነው። አንዱ ይፋዊ ነው፤ ገጹ ላይ ቢታይ ችግር የለም። ሌላው ሚስጥራዊ ነው፤ በእናንተ ስም ክፍያ ይፈጥራል፣ ገንዘብ ይመልሳል። ሁለቱም ደግሞ የሙከራና የቀጥታ (እውነተኛ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት) ተብለው ይለያሉ። በድምሩ አራት ቁልፍ ይሆናል።

ሚስጥራዊው የሚቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው፣ ከኮዱ ውጭ ባለ የኢንቫይሮንመንት ፋይል (የቅንብር ፋይል) ውስጥ። ጃቫስክሪፕት ውስጥ፣ ሞባይል አፕ ውስጥ ወይም ዴቨሎፐሮች ኮድ በሚያስቀምጡበት ጊትሀብ ላይ አይግባ። ለዴቨሎፐር በቴሌግራም አትላኩ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የራሱን መግቢያ ፍጠሩለት፣ ሥራው ሲያልቅ ታነሱታላችሁ። ቁልፉ ሾልኮ ወጥቶ ከሆነ ከጊትሀብ ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም። የቆየው ታሪክ ውስጥ ይቀራልና ዳሽቦርዱ ላይ ሽራችሁ አዲስ አውጡ።

5. ክፍያውን ከሰርቨር ፍጠሩ

ደንበኛው "ክፈል" ሲል ሰርቨራችሁ በቅደም ተከተል ይህን ያደርጋል፦

ሀ. ትዕዛዙን "ክፍያ በመጠበቅ ላይ" በሚል ሁኔታ ዳታቤዝ ውስጥ ይመዘግባል።
ለ. ዋጋውን ከራሱ ዳታቤዝ አውጥቶ ይደምራል።
ሐ. መጠኑን፣ የገንዘቡን ዓይነትና የትዕዛዝ ቁጥሩን ለአቅራቢው ይልካል።
መ. አቅራቢው የሚመልሰውን የክፍያ ገጽ አድራሻ ይዞ ደንበኛውን ወደዚያ ይልከዋል።

ለ ላይ ቆም እንበል። ዋጋው ከደንበኛው ብራውዘር ተልኮ የሚመጣ ከሆነ ትንሽ የሚያውቅ ሰው 500 የነበረውን 5 አድርጎ መላክ ይችላል። ክፍያው ይሳካል፣ አቅራቢውም "ተከፍሏል" ይላል፤ እውነቱን ነው፣ 5 ተከፍሏል። ከብራውዘር የምትቀበሉት የዕቃውን መለያና ብዛት ብቻ ይሁን።

ሐ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ስትራይፕን ጨምሮ በርካታ አቅራቢዎች መጠኑን የሚቀበሉት በትንሹ የገንዘብ ክፍልፋይ ነው። 25 ዶላር 2500 ተብሎ ይላካል። የጃፓን የን ግን ሳንቲም የለውም፤ 2500 የን 2500 ነው። አንድ የኩዌት ዲናር ደግሞ 1000 ክፍልፋይ አለው። አንዳንድ አቅራቢዎች በተቃራኒው 25.00 ብለው ነው የሚቀበሉት። የአቅራቢያችሁን ሰነድ ሳታዩ በ100 አታባዙ፤ ደንበኛን መቶ እጥፍ ማስከፈል ወይም ዕቃን በመቶኛ ዋጋው መሸጥ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለእያንዳንዱ ጥያቄ ኢደምፖተንሲ ቁልፍ አብራችሁ ላኩ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ኔትወርክ ተቋርጦ ያው ጥያቄ ሁለት ጊዜ ቢሄድ አቅራቢው በቁልፉ ለይቶ እንደ አንድ ይቆጥረዋል። ደንበኛው ሁለት ጊዜ አይከፍልም።

6. ዌብሁኩን አስተካክሉ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት እላለሁ።

አንድ ደንበኛ በስልኩ እየከፈለ ነው እንበል። የካርዱን ቁጥር ሞላ፣ ከባንኩ የመጣለትን የአንድ ጊዜ ኮድ አስገባ፣ ባንኩ ፈቀደ። በዚያች ቅጽበት ኔትወርኩ ጠፋ። ብራውዘሩ ወደ እናንተ "እናመሰግናለን" ገጽ ሳይመለስ ቀረ። ገንዘቡ ተቆርጧል፣ ዌብሳይታችሁ ግን ምንም አያውቅም። ደንበኛው ደውሎ ይቆጣል፣ እናንተ "አልደረሰንም" ትላላችሁ።

አሁን ገልብጡት። ሌላው ሰው ምንም ሳይከፍል የ"እናመሰግናለን" ገጹን አድራሻ በእጁ ይጽፋል። ዌብሳይታችሁ ያ ገጽ ሲከፈት ትዕዛዙን "ተከፍሏል" የሚል ከሆነ ዕቃው በነፃ ወጣ ማለት ነው።

ሁለቱንም የሚፈታው ዌብሁክ ነው። ክፍያው ሲሳካ፣ ሲወድቅ ወይም ሲመለስ የአቅራቢው ሰርቨር እናንተ በሰጣችሁት አድራሻ መልእክት ይልካል። የደንበኛው ስልክ በርቶ ይሁን ጠፍቶ ለውጥ የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ. ለዌብሁክ ብቻ የሚያገለግል አንድ አድራሻ ዌብሳይታችሁ ላይ አዘጋጁ፣ ዳሽቦርዱም ላይ መዝግቡት።

ለ. መልእክቱ ሲመጣ መጀመሪያ ፊርማውን አረጋግጡ። አድራሻው ለማንም ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው "ተከፍሏል" የሚል የሐሰት መልእክት ሊልክበት ይችላል። ፊርማው በእናንተና በአቅራቢው መካከል ብቻ ባለ ሚስጥር የሚሠራ ስሌት ነው። ስሌቱ የሚካሄደው መልእክቱ እንደመጣ፣ አንድም ፊደል ሳይነካ ነው። ዴቨሎፐሮች ብዙ ጊዜ መልእክቱን መጀመሪያ ከጄሰን (መልእክቱ የተጻፈበት የመረጃ አቀማመጥ) ፈትተው ከዚያ ፊርማውን ያሰላሉ፤ ያኔ አይገጥምም። "ፊርማው እምቢ አለኝ" ሲሉ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

ሐ. የትዕዛዝ ቁጥሩን፣ መጠኑንና የገንዘቡን ዓይነት ዳታቤዛችሁ ውስጥ ካለው ጋር አመሳክሩ። ሦስቱም ከገጠሙ ብቻ ትዕዛዙ "ተከፍሏል" ይባል።

መ. የመልእክቱን መለያ ቁጥር መዝግቡ። አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ የአሠራሩ ባህርይ ነው። መለያው ቀድሞ ካለ ዝም ብላችሁ እለፉት። አለበለዚያ ለአንድ ክፍያ ሁለት ዕቃ ትልካላችሁ።

ሠ. ቶሎ 200 የሚለውን የኤችቲቲፒ መልስ ስጡ፤ "ደርሶኛል" ማለት ነው። ኢሜይል መላክና ደረሰኝ ማዘጋጀት ከዚያ በኋላ ይሁን። መልስ ከዘገየ አቅራቢው አልደረሰም ብሎ ደጋግሞ ይልካል፤ ስትራይፕ በቀጥታ ሞድ እስከ 3 ቀን ድረስ ይሞክራል።

መልእክቱ ጨርሶ የማይደርስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን የሚዘጋው የራሳችሁ ዌብሳይት ነው። የሲኤስአርኤፍ መከላከያው (ከራሳችሁ ገጽ ያልተነሳ ጥያቄን የሚያግደው) ለዚህ አድራሻ አልተነሳም፣ ፋየርዎሉ እንደ ሮቦት ቆጥሮ መልሶታል፣ ወይም አድራሻው ወደ ሌላ አድራሻ ያዞራል። ዳሽቦርዱ ላይ የዌብሁክ ታሪክ አለ፤ 403 ከታየ ከልካይ አለ፣ 301 ከታየ አድራሻው ተቀይሯል፣ 500 ከታየ ኮዱ ወድቋል ማለት ነው።

"እናመሰግናለን" ገጹስ? ይቆይ። "ክፍያዎን እያረጋገጥን ነው" ይበልና የትዕዛዙን ሁኔታ ከዳታቤዝ እያነበበ ያሳይ። እሱ ራሱ ምንም አይወስን።

7. በሙከራ ሞድ ፈትኑ፣ በተለይ የሚከሽፈውን

ሁሉም ሰው የሚሳካውን ክፍያ ይፈትናል። ችግር የሚመጣው ግን ከሌላው ነው። ስትራይፕ ላይ የሚሳካው የሙከራ ካርድ 4242 4242 4242 4242 ነው፤ የማብቂያ ቀኑ ገና ያልደረሰ ማንኛውም ወር፣ ሲቪቪው ማንኛውም ሦስት አሃዝ ይሆናል። ውድቅ የሚደረገው 4000 0000 0000 0002 ነው። "ሂሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ የለም" የሚለውን ለማየት 4000 0000 0000 9995 ይሞከራል። ሌሎች አቅራቢዎችም የየራሳቸው ዝርዝር አላቸው።

እነዚህን አንድ በአንድ ሞክሩ፦

• ካርዱ ውድቅ ሲደረግ ደንበኛው ምን ያነባል? ባዶ ገጽ ነው ወይስ "ሌላ ካርድ ይሞክሩ" የሚል መልእክት?
• ውድቅ ከተደረገ በኋላ ያንኑ ትዕዛዝ እንደገና መክፈል ይችላል?
• ክፍያው እንደጸደቀ ብራውዘሩን ዝጉት። ትዕዛዙ "ተከፍሏል" ሆነ?
• "ክፈል" የሚለውን ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ ጫኑ።
• ከክፍያ ገጹ በ"ተመለስ" ውጡ። የመረጠው ዕቃ እዚያው አለ?
• ከዳሽቦርዱ ተመላሽ አድርጉ። ዌብሳይቱ ላይ የትዕዛዙ ሁኔታ ተቀየረ?
• ይህን ሁሉ በርካሽ ስልክ ላይ ድገሙት።

ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቅ የሙከራ ካርድም ሞክሩ። ስሪ-ዲ ሴኪዩር ይባላል፤ ባንኩ ደንበኛውን በኮድ ወይም በአፑ የሚጠይቅበት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህ ዓይነቱ ማረጋገጫ ለብዙ የኦንላይን ክፍያዎች ግዴታ ነው። ለእናንተም ጥቅም አለው፦ በዚህ መንገድ የተረጋገጠ ክፍያ በኋላ "ካርዴ ተሰርቆ ነው" ከተባለ ኪሳራው አብዛኛውን ጊዜ ከነጋዴው ወደ ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ይዞራል።

8. ወደ ቀጥታ ሞድ ግቡ

ቁልፎቹን ወደ ቀጥታዎቹ ቀይሩ። ዌብሁኩንም በቀጥታ ሞድ እንደገና መዝግቡ፤ የሙከራው ምዝገባ አብሮ አይሻገርም፣ የፊርማ ሚስጥሩም ሌላ ነው። "ሙከራ ላይ ሲሠራ ነበር፣ አሁን ትዕዛዙ አይቀየርም" የሚለው ስሞታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም።

በራሳችሁ ካርድ ለመሞከር አትቸኩሉ። እውነተኛ ካርድን ለሙከራ መጠቀም የሚከለክሉ አቅራቢዎች አሉ፤ ለራስ መክፈልም እንደ ማጭበርበር ሊታይ ይችላል። የተሻለው ዕቃውን በእርግጥ የሚፈልግ አንድ የምታውቁት ሰው እንዲገዛ ማድረግና ክፍያውን ደረጃ በደረጃ መከታተል ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ታየ? ዌብሁኩ 200 መለሰ? ደረሰኙ በኢሜይል ደረሰ? በባንክ መግለጫው ላይ የወጣው ስም ማን ይላል? ከዚያ ገንዘቡ ባንካችሁ እስኪገባ ጠብቁ። ማስታወቂያ ከዚያ በኋላ ይሁን። የመጀመሪያው ዝውውር ከተለመደው ሊዘገይ ስለሚችል በዚያ ገንዘብ ላይ ተማምናችሁ ቀጠሮ አትስጡ።

9. ከተከፈተ በኋላ የሚሠሩ ሥራዎች

ሂሳብ ማስታረቅ። ባንክ የሚገባው የአንድ ትዕዛዝ ገንዘብ ሳይሆን የብዙ ትዕዛዞች ድምር ነው፤ ኮሚሽንና ተመላሽ ተቀንሶበት። ስለዚህ ባንኩ ላይ ያለው ቁጥር ከሽያጫችሁ ጋር በቀጥታ አይገጥምም። በየሳምንቱ የአቅራቢውን ሪፖርት አውርዱና ሦስቱን አስተያዩ፦ የዌብሳይቱን ትዕዛዝ፣ የአቅራቢውን ክፍያ፣ የባንኩን ገቢ። በመዝገብ ላይ ሽያጩን በሙሉ መጠኑ፣ ኮሚሽኑን ደግሞ እንደ ወጪ ለይታችሁ ያዙ። የሰዓት ልዩነትንም አትርሱ፤ አቅራቢው ቀኑን የሚዘጋው በሌላ የሰዓት ክልል ከሆነ የማታ ሽያጭ በማግስቱ ሪፖርት ላይ ይወጣል።

ተመላሽ። ሁልጊዜ በዚያው በከፈለበት መንገድ መልሱ። "በካርድ ከፍያለሁ፣ በሌላ ሂሳብ መልሱልኝ" የሚል ካጋጠማችሁ እምቢ በሉ። የታወቀ የማጭበርበሪያ ዘዴ ነው፤ ካርዱ የተሰረቀ ከሆነ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ታጣላችሁ። በካርድ የተመለሰ ገንዘብ ደንበኛው ጋ ለመድረስ በተለምዶ ከ5 እስከ 10 የሥራ ቀን ይወስዳል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ጥሪው ይቀንሳል።

ቻርጅባክ። ደንበኛው ለእናንተ ሳይሆን ለባንኩ ሲያመለክት ነው። ገንዘቡ ወዲያው ከሂሳባችሁ ይነሳል፣ ብዙውን ጊዜ ቅጣት መሰል ክፍያም ይጨመርበታል። እናንተ በተሰጣችሁ ቀነ ገደብ ውስጥ ማስረጃ ታቀርባላችሁ፦ ዕቃው መድረሱን የሚያሳይ ሰነድ፣ ከደንበኛው ጋር የተጻጻፋችሁትን፣ የተስማማበትን የተመላሽ ደንብ። በብዙ ዓይነት አቤቱታ ደንበኛው እስከ 120 ቀን ጊዜ አለው፤ ስለዚህ ማስረጃውን ዕቃው ስለሄደ ብቻ አትጣሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቻርጅባክ ከተከፈተ በኋላ ለደንበኛው በተናጠል ተመላሽ አታድርጉ። ገንዘቡ በባንኩም በእናንተም በኩል ሊወጣ ይችላል።

የካርድ ፍተሻ ጥቃት። ሌቦች የተሰረቁ የካርድ ቁጥሮች ይሠሩ እንደሆነ ለማየት አነስተኛ ዌብሳይቶችን ይጠቀማሉ። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ የሚደረደሩ ብዙ የትንሽ ገንዘብ ሙከራዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ውድቅ የተደረጉ። መጠኑን ደንበኛው ራሱ የሚሞላበት ፎርም ለዚህ የተመቸ ነው። የክፍያ ቁልፉ ላይ ካፕቻ (ሰው መሆንን የሚያጣራ ፈተና) አድርጉ፣ ከአንድ የኢንተርኔት (አይፒ) አድራሻ የሚመጣውን ሙከራ ገድቡ፣ ዝቅተኛ መጠን ወስኑ። የተሳኩትን ክፍያዎች ደግሞ የካርዶቹ ባለቤቶች ሳያመለክቱ ቶሎ መልሱ።

ፕለጊኖችን ማደስ። የክፍያ ገጹ የአቅራቢው ቢሆንም ወደዚያ የሚልከው "ክፈል" የሚለው ቁልፍ የእናንተ ነው። በአሮጌ ፕለጊን በኩል የገባ ሰው ቁልፉን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ማዞር ይችላል። የማትጠቀሙበትን ፕለጊን አጥፉ እንጂ አቦዝናችሁ አትተዉት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

"ክፍያው ጸድቋል፣ ገንዘቡ ግን አልተቆረጠም።" አቅራቢው ፈቃድንና መሰብሰብን ለይቶ ሊሆን ይችላል። ፈቃድ ማለት ባንኩ ገንዘቡን ለእናንተ ይዞ ማቆየቱ ነው። በጊዜው ካልሰበሰባችሁት ይለቀቃል። ዕቃ ቀርቦ ሳይረጋገጥ ማስከፈል ካልፈለጋችሁ በስተቀር መሰብሰቡ ወዲያው ይሁን።

"ደንበኛው በተደጋጋሚ ውድቅ ይደረግበታል።" የውድቀቱን ምክንያት ዳሽቦርዱ ላይ አንብቡ። "ባንኩ አልፈቀደም" ከሆነ እናንተ የምታደርጉት ነገር የለም፤ ካርዱ ለኦንላይን ክፍያ ክፍት መሆኑን ባንኩን ይጠይቅ። አቅራቢው ራሱ አጠራጣሪ ብሎ ካገደው ግን ቅንብሩን ማየት ይቻላል።

"ኮሚሽኑን ደንበኛው ላይ ልጨምር?" በአንዳንድ አገሮች በሕግ የተከለከለ ነው፤ የካርድ ድርጅቶችም የየራሳቸው ገደብ አላቸው። ወጪውን ዋጋው ውስጥ አስልታችሁ ማስገባት ይቀላል።

እርዳታ ስትጠይቁ

"አልሠራም" ብቻ ብሎ መጻፍ ማንንም አይረዳም። የትዕዛዙን ቁጥር፣ የአቅራቢውን የክፍያ መለያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የስሕተቱን ጽሑፍ እንዳለና ሙከራ ይሁን ቀጥታ ሞድ አብራችሁ ላኩ። ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ የዌብሁክ ሚስጥርና የካርድ ቁጥር ለማንም አትላኩ፤ እውነተኛ የአቅራቢ ሠራተኛ አይጠይቃችሁም። ደንበኛ የካርዱን ፎቶ ቢልክላችሁ ከቻቱም፣ ከስልኩም፣ ከመጠባበቂያ ቅጂውም አጥፉትና የክፍያ ሊንክ ላኩለት።